ዶማውን ትንሽ አቆዩት

በቅርቡ ግቢ ያገኛችሁ፣ ወይም የሰው ግቢ ማሳመርን ሥራዬ ብላችሁ ልትይዙት ያሰባችሁ ልጆች፣ ይቺ ደብዳቤ ለእናንተ ናት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጓሮ ስቆፍር ኖሬያለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አልታጠፍ ብሎኛል፣ ምላሴ ግን ደህና ነው፣ ስለዚህ ልናገር።

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ተቀመጡ። የምሬን ነው። ወንበር አውጡና ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ አመሻሽ ላይ ግቢውን እዩት። ፀሐይ የት ትውላለች? የአጥሩ ጥላ እስከ የት ይደርሳል? ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት ወርዶ የት ይተኛል? ዓመቱን ሙሉ ብታዩት ደግሞ ይሻላል፣ ምክንያቱም የፀሐይ መንገድ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ ዛሬ ፀሐይ የሚጠግበውን ጥግ ከጥቂት ወራት በኋላ ጥላ ውጦት ልታገኙት ትችላላችሁ። "ዓመት ማን ይጠብቃል!" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ አልጠበቅኩም። እሺ፣ ቢያንስ አንድ ከባድ ዝናብ ጠብቁ።

ከአበባው በፊት የውሃው ነገር ይለቅ። መሬቱ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ በአንድ ሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ወደ ቤቱ ካዘነበለ ግን መሠረቱ ሲጠጣ ይኖራል፣ ያኔ የተከላችሁት አበባ ሁሉ ትዝ አይላችሁም። ከዚያ ልትተክሉ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። ሲጨርስ ድጋሚ ሙሉትና ሰዓት ያዙ። በጥቂት ሰዓታት ከሰረገ ጥሩ ነው። በማግሥቱም እዚያው ተኝቶ ካገኛችሁት ግን፣ እዚያ የሚተከለው ነገር ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ሥሩ የበሰበሰ ተክል ልክ ውሃ እንደጠማው ነው የሚጠወልገው፣ እናንተም አዝናችሁ ውሃ ትጨምሩበታላችሁ፣ በዚያው ይሄዳል።

አፈሩን ደግሞ በእጃችሁ እወቁት። እርጥቡን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ግፉት፤ ሳይቆረጥ እንደ ጥብጣብ ከረዘመ ሸክላ ይበዛበታል፣ ከተበተነ አሸዋማ ነው። ሸክላ አፈር ጭቃ ሆኖ ሳለ አትርገጡት፣ አትቆፍሩትም፤ ይጠቀጠቅና ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። "አሸዋ ቀላቅልበት" የሚል አዋቂ አይጠፋም። አትስሙት። ለሸክላውም ለአሸዋውም መድኃኒቱ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው፣ እሱም አንዴ ሳይሆን በየዓመቱ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ደንበኛ የጥላ ዛፍ ተከልኩ። ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጌ ቆፈርኩ፣ ችግኙን ከፕላስቲኩ እንዳወጣሁት ሥሩን ሳልነካ አስገባሁት፣ አፈሩንም ግንዱ ላይ ከመርኩበት። ንፋስ እንዳይጥለው ብዬ እኮ ነው። የተወሰኑ ዓመታት አማረ። ከዚያ ጫፉ መድረቅ፣ ቅጠሉ መሳሳት ጀመረ። ማዳበሪያ ጨመርን። ውሃ ጨመርን። ሞተ። ራሴ ሄጄ ነቀልኩት፤ አፈሩን ሳራግፈው አውራ ጣቴን የሚያክል ሥር ግንዱን ዞሮ እንደ ገመድ አንቆታል፣ ግንዱም የታነቀበት ቦታ ላይ ወገቡ ቀጥኗል። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ሲዞር የያዘውን ዙር ሳይለቅ እዚያው ወፍሮ ነው። ደንበኛዬ "በሽታ ነው እንዴ?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። በሽታው እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ጉድጓዱን ሰፊ አድርጉት፣ ሥሩ ከያዘው አፈር ሁለት ሦስት እጥፍ፤ ጥልቀቱ ግን ከዚያ አፈር ቁመት አይብለጥ። ግንዱ ሥር ወደ መሆን ሲጠጋ የሚሰፋበት ቦታ ከመሬት በላይ መታየት አለበት። የዞረ ሥር ካያችሁ በቢላ ቁረጡት፣ የቀረውን ወደ ውጭ ዘርጉት፣ እዚህ ላይ አትራሩ። አፈሩን ከላይ ጉዝጓዝ፣ ማለትም ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አልብሱት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ስትመርጡም ዛሬ ያለውን የችግኝ ቁመት ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበትን አስቡ፤ መስኮት ሥር የተተከለ ግዙፍ ዛፍ ስንቴ በመጋዝ እንደቆረጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ውሃ በየቀኑ ረጨት ረጨት ማድረግ ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ሥር ከያዘ በኋላ አራርቃችሁ፣ ግን እስኪጠግብ አጠጡ፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጉ፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ የውሃውን ጎማ መልሱት። ሣር ሲታጨድ ከቁመቱ ሢሶውን ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ መላጨት ነው።

ቅጠል ጀርባ ላይ ክሽክሽ፣ ያን የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ፣ ባያችሁ ቁጥር ወደ መድኃኒት አትሩጡ። መጀመሪያ በውሃ ግፊት አራግፉት። ጉንዳኖች ግንዱ ላይ ሲመላለሱ ካያችሁም ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልገው ነው፣ እንዲያውም ይጠብቁታል። ቀይ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሿ ጥንዚዛ ደግሞ ክሽክሹን ትበላላችኋለች፤ የረጫችሁት መርዝ እሷንም ይገድላታል።

መግረዝ ላይ ብዙ ሰው ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ ይላጨዋል፣ ወይ ጉቶ ይተዋል። ሁለቱም ጥፋት ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ ላይ ትንሽ ያበጠ አንገት አለ፤ ከእሱ ወጣ ብላችሁ ቁረጡ፣ አንገቱን ግን አትንኩት። መቀሱ ይሳል፣ ከታመመ ተክል ወደ ሌላው ስታልፉ በአልኮል ይጠረግ። ቁስሉን ቀለም አትቀቡት፤ ዛፉ ዙሪያውን ከንፈር እያወጣ ራሱ ይሸፍነዋል። ከዓመታት በፊት የቆረጥኩት አንድ ቅርንጫፍ አለ፣ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ። ያኔ ቁስሉ መዳፌን ያክል ነበር፤ አሁን አውራ ጣቴ ይከድነዋል።