ሊጡን ሥጋ ሲተካው

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የስኳር ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ሐኪሙ ዳቦና እንጀራ እንዲቀንስ ነግሮታል። ልጆቻችን ደግሞ ፒዛ ይወዳሉ። ለአንድ ማዕድ ሁለት ዓይነት ምግብ መሥራቱ ስለከበደኝ፣ በሊጥ ፈንታ ሥጋ ዘርግቼ ሁለት ጊዜ ሞከርሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሥጋው በገዛ ውኃው ተንሳፈፈ፤ ተኮማትሮ መሐል ላይ ቀረ፤ ሳነሣውም ተፈረካከሰ። ያዘጋጀሁት በቢላዋ ከትፌ፣ ጥሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ደባልቄ፣ ጨውን መጨረሻ ላይ ነስንሼ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እኅቴ ስትሠራው ግን ይሳካላታል። የደሴ ደጋነት ይሆን? በፎርማጆ ፈንታስ አይብ ብጠቀም?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ሆጤ

መልስ፦ በቅድሚያ ደጋውን ከክሱ ነጻ እናውጣው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ በ94 ገደማ ይፈላል። ይህ ልዩነት ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ይታወቀዋል፤ የኦቨን ደረቅ ሙቀት ግን እርስዎ በመረጡት ልክ ስለሚቆም፣ ሥጋው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያው ነው። ጥፋቱ ከሽንኩርቱ፣ ከቲማቲሙና ከጨው አገባቡ ነው።

ቀይ ሥጋ ከክብደቱ 70 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው። ሙቀቱ 60 ዲግሪን ሲያልፍ በሥጋው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይኮማተርና ውኃውን ጨምቆ ያስወጣል፤ ስለዚህ መጠኑ በሩብ ያህል ቢቀንስ አይደነቁ። ጥሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲጨመሩበት የራሳቸውን ውኃ ከመልቀቃቸውም በላይ፣ ሥጋው እርስ በርሱ እንዳይያያዝ በመካከሉ ይገባሉ። ጨው በበኩሉ ለጣዕም ብቻ የሚገባ አይደለም፤ ቀድሞ ገብቶ ሲታሽ ከሥጋው ፕሮቲን ከፊሉን ያሟሟና እንደ ማጣበቂያ ያደርገዋል። ቋሊማ ሲቆረጥ የማይፈርሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መጨረሻ ላይ የተነሰነሰ ጨው ግን ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ስለዚህ ከሉካንዳው ስብ ያልበዛበት ግማሽ ኪሎ ሥጋ በመኪና አስፈጭተው ይግዙ። ሥጋው ቀዝቃዛ እንደሆነ አንድ ጠፍጣፋ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረው፣ እጅዎ ላይ እንደ ሊጥ እስኪጣበቅ ድረስ ሦስት አራት ደቂቃ ያሹት፤ ከዚያ አንድ እንቁላልና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ያዋህዱበት። ዘይት በተቀባ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ትሪ ላይ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ አድርገው እስከ ዳር ይዘርጉት። በ220 ዲግሪ አስቀድሞ በጋለ ኦቨን 15 ደቂቃ ያህል ከጋገሩ በኋላ ያውጡትና ትሪውን አዘንብለው የወጣውን ውኃና ስብ ሙልጭ አድርገው ያፍስሱ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው፤ ካልፈሰሰ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል። ከዚያም ስኳር ያልገባበት የቲማቲም ድልህ በስሱ ቀብተው፣ ፎርማጆና ቃሪያ አድርገው፣ ፎርማጆው እስኪቀልጥ ስምንት አሥር ደቂቃ ይመልሱት። እንጉዳይ የሚወዱ ከሆነ ለብቻው ጠብሰው ውኃውን ካደረቁ በኋላ ብቻ ይጨምሩ። ኦቨን ከሌለዎት ድፎ ዳቦ እንደሚጋገረው ከላይም ከታችም እሳት አድርገው መሥራት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ክዳኑ እንፋሎት ስለሚያምቅ ደጋግመው ማፍሰስ ይኖርብዎታል።

ክትፎ ለብለብ ብሎ ይጥማል ብለው መሐሉ ቀይ እንደሆነ እንዳያወጡት አደራ። ሥጋ ሲፈጭ በላዩ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ መሐሉ 71 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል። ኮሶም ቢኖርበት በዚህ ሙቀት ይሞታል።

የባለቤትዎን ጉዳይ በተመለከተ፣ ከመቶ ግራም የስንዴ ዱቄት 75 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ሲሆን፣ ሥጋ ግን ከሞላ ጎደል ምንም የለውም፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ድልህ ደግሞ ስድስት ግራም ያህል ይጨምራል። ይህ ማለት ምግቡ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ሥጋና ፎርማጆ ተደምረው ስባቸው ብዙ ነውና በየቀኑ አይመከርም። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤትዎ ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ካርቦሃይድሬቱን በድንገት መቀነስ የደማቸው ስኳር ከልክ በታች እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል። የመድኃኒቱ መጠን ከአመጋገቡ ጋር መጣጣሙን ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ መጠኑን ግን በራሳቸው እንዳይቀንሱ።

አይብ አይቀልጥም። የሚሠራው ከአሬራ ስለሆነ አሲድና ሙቀት አንድ ላይ ያረጉታል፤ እንዲህ የረጋ ደግሞ ቢጋገር ይደርቃል እንጂ እንደ ፎርማጆ አይሳብም። ከወደዱት በጨርቅ ጨምቀው ውኃውን ያስወግዱና፣ ፒዛው ከኦቨን ሲወጣ በላዩ ይነስንሱት። ለእኔ እንዲያውም ከሚጥሚጣ ጋር ሲሆን ከፎርማጆው ይበልጥብኛል፤ ልጆችዎ ግን ይህን ፒዛ ነው ብለው የሚቀበሉ አይመስለኝም።