መልስ፦ ከአራድ እስከ ኤላት በእግር፣ ውሃ ከየት?

ወንድሜ፣ በእስራኤል የኔጌቭ በረሃ ከአራድ እስከ ኤላት በእግር ስሄድ ካርታው ላይ ያሉት የውሃ ምንጮች ይበቁኛል ወይ ላልከው፣ አይበቁህም። እኔም መጀመሪያ እንዳንተ ነበር ያሰብኩት። ዔን አቀብ የሚባለው ምንጭ ስትደርስ ውሃው ያስጎመጅሃል፣ ግን ጨው ጨው ይላል፤ ለመዋኘት ነው እንጂ ጥም አይቆርጥም። ማክቴሽ ራሞን በሚባለው በገደል በተከበበ ትልቅ ሸለቆ ውስጥ ያለው የዔን ሳሃሮኒም ምንጭ ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ ይደርቃል፣ የምትቀረውም ጠብታ የዱር አህዮቹና የዋልያችን ዘመዶች ናት፣ ተውላቸው።

የሚያዋጣህ ውሃ ቀድሞ መቅበር ነው። መኪና ያለው ጓደኛ ለምንና መኪና በሚገባባቸው በተፈቀዱት የማደሪያ ቦታዎች አጠገብ አስቀምጥ፤ እየተከፈላቸው የሚያደርሱ ሾፌሮችም አሉ። ቦታውን ፎቶ አንሳው፣ በጂፒኤስም መዝግበው። እኔ ብልጡ «ከግራሩ ሥር» ብዬ ብቻ ጽፌ፣ ማታ በባትሪ ከግራር ግራር ስዞር አመሸሁ፣ ለካ አካባቢው ሁሉ ግራር ነው! ባዶ ጠርሙሱን እዚያው እንዳትጥል።

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ያዝ፣ ማታ የምታበስል ከሆነ ጨምር። ስዴ ቦከር መንደርና ሚጽፔ ራሞን ከተማ የቧንቧ ውሃ ስላለ ያለህን ዕቃ ሁሉ ሙላ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ ግን ጭራሽ አትሞክረው፣ እስከ ኅዳር ጠብቅ።