መልስ፦ ቆሞ ባትሪ የሚጨርስ መኪና

ወንድሜ፣ ባትሪው አዲስ ሆኖ መኪናው ሁለት ሌሊት ቆሞ ሲያድር አልነሳ ካለህ፣ ሌላ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩል። መጀመሪያ ሙሉ ቻርጅ አድርገው፤ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ ቴስተርህን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 10 አምፔር ላይ አድርግ፣ የኔጌቲቩን ሞርሴቶ (ገመዱን ባትሪው ላይ የሚያስረውን መያዣ) ፍታና ቴስተሩን በባትሪውና በገመዱ መካከል አስገባው። በዚህ ሁኔታ እያለ ቁልፍ እንዳታዞር፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ገና እንዳገናኘው 2 ወይም 3 አምፔር ያይና ይደነግጣል። የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቅ፤ አንዳንዱማ ከዚያም ይቆያል። በሩን ክፍት መተው ካለብህ መቆለፊያውን በካቻቢቴ ገፍተህ የተዘጋ አስመስለው። ቁልፉንም ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ከ50 ሚሊአምፔር (0.05 አምፔር) በታች ከወረደ ጤነኛ ነው። ግማሽ አምፔር ላይ ከቀረ ግን በ48 ሰዓት 24 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ባትሪህ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ከሆነ ግማሹ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

ያኔ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩን ተመልከት፤ ድንገት ከወረደ መስመሩን አገኘኸው። የትኛውም ካላወረደው ዲናሞውን ጠርጥር፤ ውስጡ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል) ሲበላሽ በወፍራሙ ገመድ በኩል ከባትሪው ይስባል።

እኔን ሁለት ወር ያሰቃየችኝ የጋቢናው ኪስ ውስጥ ያለች ትንሽ አምፖል ነበረች። ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ ውስጡ ዘጋሁበት፤ በኋላ ሳየው ቦግ ብላ ትበራለች።