«ቁስሉ በጠበል ደርቋል፤ ጤና ጣቢያ መሄድ እምነት ማጣት ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የመንዝ ሰው ነኝ። ለሥራ ደብረ ብርሃን ሳለሁ በዝሙት ወደቅሁ፤ ኀፍረተ ሥጋዬ ላይም የማያመኝ ቁስል ወጣ። ሸንኮራ ዮሐንስ ሁለት ሱባኤ ተጠመቅሁ፣ ደረቀ። ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን እየፈጸምሁ ነው። ባለቤቴ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ብመረመር ጠበሉን መጠራጠር አይሆንብኝም? ለእሷስ መንገር አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የንስሐህን ነገር አባትህ ይዘውታል፤ እኔ አልጨምርበትም። ያሳሰበኝ «ደረቀ» ያልኸው ነው፤ ከብዙ ሰው የሰማሁት ቃል ነውና።

የማያም፣ ጠርዙ ጠንከር ያለ ቁስል ብዙ ጊዜ የቂጥኝ ነው። ይህ ቁስል የተጠመቀውም ያልተጠመቀውም ዘንድ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይደርቃል። ጀርሙ ግን ደም ውስጥ ገብቷል። ቆይቶ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ያወጣ ይሆናል፤ ሽፍታውም ይጠፋል። ከዚያ ዓመታት አድፍጦ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። መድረቁን የመዳን ምስክር አታድርገው።

ንጉሥ ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም «እፈውስሃለሁ» አለው። ቃሉን ያመጣው ያው ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ እባጩ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገ. 20፥5-7)። ተስፋውን የሰጠው አምላክ መድኃኒቱንም ሰጠ፤ ሕዝቅያስም ተጠራጠረ አልተባለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በግልጽ አስተምረዋል። ጠበልህን አትተው፤ ምርመራውንም አትተው።

ጤና ጣቢያ ሄደህ ለምርመራ ደም ትሰጣለህ። በሽታው አዲስ ከሆነ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ ይወጋል፤ የቆየ ወይም መቼ እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ በየሳምንቱ 3 ጊዜ። ፔኒሲሊን የማይስማማህ ከሆነ አስቀድመህ ተናገር። በተወጋህ ዕለት ብርድ ብርድ ቢልህና ቢያተኩስህ አትደንግጥ፤ ጀርሙ ሲሞት የሚመጣ ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ብዙዎች «መድኃኒቱ ጠላኝ» ብለው ቀጣዩን መርፌ የሚያስቀሩት እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ለኤች አይ ቪም በር ይከፍታልና እሱንም ተመርመር፤ ከ3 ወር በኋላም ድገመው።

ለባለቤትህ ትነግራታለህ፤ በዚህ አልለሳለስልህም። ሐዋርያው የባል ሥጋ የሚስቱም መሆኑን ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 7፥4)። ቂጥኝ ከእናት ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ሊያስወርዳት፣ ልጁም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። በቶሎ ከታከመች ግን ልጁም ይተርፋል፤ ለነፍሰ ጡር ፅንሱን ጭምር የሚያድነው መድኃኒት ፔኒሲሊን ብቻ ነው። አንተ ብቻ ብትወጋ እሷ ይዛው ትቆይና መልሳ ታስይዝሃለች። ሁለታችሁም እስክትታከሙና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ከመኝታ ተለያዩ።

ንስሐ አባትህ የነገርሃቸውን ለማንም አያወጡም፤ ስለዚህ ካንተ በቀር የሚነግራት የለም። ብቻህን ከከበደህ አባትህ አብረውህ እንዲቀመጡ ለምናቸው። በዚህ ሳምንት ይሁን፤ ፅንሱ አራት ወር ሞልቶታል።