የአንባቢያን ጥያቄ፦ «በአንዴ ካላቆመ አይታከምም?»

ውድ አዘጋጆች፣ የ34 ዓመት ወንድሜ የአእምሮ ሕመም አለበት፤ በተመላላሽ ሕክምና በየወሩ መርፌ ይወጋል። ግን በየቀኑ ወደ 10 መለኪያ አረቄ ይጠጣል። ዘመዶቻችን «በር ዘግተንበት እናስተወው» ይላሉ። የክሊኒኳ ነርስ ደግሞ «ቀስ በቀስ ይቀንስ» አለችን። ይህ «ጠጣ» ብሎ መፍቀድ አይሆንም? — ከደሴ

መልስ፦ አይሆንም፣ እህታችን። ነርሷ ትክክል ናት። የዘመዶችዎ ሐሳብ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ወንድምዎን ሊገድለው ይችላል። ለዓመታት አልኮል የለመደ አንጎል ድንገት ሲነጠቅ ይናወጣል። በመጀመሪያው ቀን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይመጣል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና ትኩሳት ይመጣ ይሆናል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «ሕመሙ ተነሣበት» ይላል፤ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ የነበረበት ሰው ቤት ተዘግቶበት ይቀራል።

ጉዳት ቅነሳ፣ ማለትም ሰውየው ገና ባያቆምም መጠጡ የሚያደርስበትን ጉዳት መቀነስ፣ «መጀመሪያ አቁምና ና» አይልም። እየጠጣም ቢሆን ቀጠሮው እንዳይቋረጥ ይይዘዋል። ጠጪ ነህ ተብሎ የተመለሰ ታማሚ አረቄውን አይተውም፤ የሚተወው መርፌውን ነው።

አቀናነሱን ከነርሷ ጋር እንዲህ ይሞክሩት። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ምንም ሳይቀንስ ይቁጠር፤ ለእያንዳንዱ መለኪያ ደብተር ላይ አንድ ጭረት። መለኪያው ሁልጊዜ ያው አንዱ ይሁን፤ ብርጭቆ ሲቀያየር ቁጥሩ ይዋሻል። ከዚያ በየ4 ቀኑ 1 መለኪያ ይቀንስ። 5 ላይ ሲደርስ ግን አንዷ መለኪያ የቀኑን አንድ አምስተኛ ስለምትሆን፣ ከዚያ ወዲያ ግማሽ ግማሽ ነው የሚቀነሰው፤ በድሮው ፍጥነት የቀጠለ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ጠዋት እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ካላበው ወደ ቀደመው መጠን ተመልሶ አንድ ሳምንት ይቆይ። መለኪያን በቢራ መተካትም እንደ ቅነሳ ይቆጠራል፦ 50 ሚሊ ሊትር ባለ 45 በመቶ አረቄ 18 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ሲኖረው፣ 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ያህል ነው። ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቋርጥ ተንፈራግጦ ወይም ቃዥቶ ከሆነ ግን ይህን ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የሚያቆመው።

ባዶ ሆዱን አይጠጣ። ቫይታሚን ቢ1 እንዲታዘዝለት ይጠይቁ፤ ጠጪ ሰው ላይ እጥረቱ አንጎል ይጎዳል። ሳይሰክር ግራ ከተጋባ፣ ዓይኑ ከተንቀዋለለ ወይም ከተንገዳገደ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት። ግሉኮስ ሊሰቀልለት ሲልም ጠጪ መሆኑን ይናገሩ፤ ቢ1 መቅደም አለበት።

በመርፌው ቀን ጠጥቶ ቢገኝስ? ይዘውት ይሂዱ፣ ጠጥቷል ብለው ይንገሩ። በጣም ከሰከረ ለነገ ጠዋት ያሻግሩለታል፤ ለሚቀጥለው ወር ግን አይደለም።

ድምፅ ለሚሰማኝ ሕመም ኪኒን እወስዳለሁ። ጫት በምቅምበት ቀን ግን አይስማሙም ስለተባልኩ እዘለዋለሁ። ማታ ለጨብሲ 3 ቢራ እጠጣለሁ። ምን ይሻለኛል? — ከአዳማ

መልስ፦ ኪኒኑን አይዝለሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር ያበዛል፤ ኪኒንዎ የሚገታው ደግሞ የዚያኑ የዶፓሚንን ሥራ ነው። ጫት በቃሙበት ቀን መዝለል ማለት ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ማጠፍ ነው። መቃም ጨርሶ ቢቀር ለሕመምዎ ይበጃል፤ እስከዚያው ግን በመጀመሪያ የሚቆረጠው ጨብሲው ነው። ምሳ በልተው ይጀምሩ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ገረባውን ያንሱ። ምርቃናው እስከ መኝታ ሰዓት ስለሚበርድ የሚሰብሩበት ቢራ ፍለጋ አይወጡም። ከዚያ የሚቅሙባቸውን ቀናት ይቀንሱ። ለእንቅልፍ ብለው ዲያዜፓምን ከቢራ ጋር አይውሰዱ፤ ሁለቱ ተደምረው ትንፋሽ ያዳክማሉ። ሁለት ሌሊት በተከታታይ እንቅልፍ ካጡ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ባለቤቴ ሳያውቅ ዳይሰልፊራም ወጥ ውስጥ ብጨምርለትስ? — ከሐዋሳ

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ዳይሰልፊራም አልኮል የቀመሰን ሰው እንዲያመው የሚያደርግ መጠጥ ማስተዊያ መድኃኒት ነው። አካሉ ውስጥ እያለ ከጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ የልብ ሕመም ካለበት ሊሞት ይችላል። ካቆመውም በኋላ እስከ 2 ሳምንት ሊሠራ ይችላል። የሚሰጠው የሚወስደውን ለሚያውቅና ቢያንስ ለ12 ሰዓት አልኮል ላልቀመሰ ሰው ብቻ ነው። ገና እየጠጣ ከሆነ ናልትሬክሶን መጀመር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ እሱ አስቀድሞ ማቆምን አይጠይቅም፣ ጉጉቱን ያበርዳል። ባለቤትዎ ራሱ ወዶ ከተስማማ፣ ጠዋት ጠዋት ሐኪሙ ያዘዘለትን ኪኒን ከውኃ ጋር አቅርበው ሲውጥ አብረውት ይቀመጡ።