መልስ፦ ኢስቶኒያ ስታገግም ሩሲያ ለምን ተንኮታኮተች?

ሁለቱም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያቸውን ከፈቱ፤ ታዲያ ኢስቶኒያ ቶሎ ስታገግም ሩሲያ ለምን ተንኮታኮተች ብለህ ነው የጠየቅከው። "ሩሲያ ስለቸኮለች ነው" የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ኢስቶኒያም ቸኩላለች።

ዋናው ነገር ገንዘቡ ነው። ሩሲያ ጃንዋሪ 2 ቀን 1992 (እ.ኤ.አ.) የዋጋ ቁጥጥሩን አነሳች። ማዕከላዊ ባንኩ ግን ለከሰሩ ፋብሪካዎች ሩብል ማፍሰሱን ቀጠለ። በዚያ ዓመት ብቻ ዋጋ ከ25 እጥፍ በላይ ናረ። የጡረተኛውን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ውሃ በላው። ከዚያ ለየዜጋው የመንግሥት ድርጅቶች አክሲዮን የሚገዛበት የ10,000 ሩብል ቫውቸር ታደለ፤ ብዙ ሰው በርካሽ ሸጠው። በ1995 ደግሞ መንግሥት እንደ ኖሪልስክ ኒኬል ያሉ ግዙፍ ድርጅቶችን አክሲዮን አስይዞ ከባንኮች ተበደረ። ብድሩን አልከፈለም። ድርጅቶቹም በባንኮቹ ባለቤቶች እጅ ቀሩ። ጨረታ ተባለ እንጂ፣ አሸናፊው ቀድሞ የታወቀ ነበር።

ኢስቶኒያ በጁን 1992 የራሷን ገንዘብ ክሩንን አውጥታ 8ቱን በ1 የጀርመን ማርክ አሰረችው። እንዳሻ ማተም ቀረ። እሷም መጀመሪያ ላይ ተጎድታለች። ግን ጎረቤቶቿ ፊንላንድና ስዊድን ናቸው፤ ገበያውም ካፒታሉም ከዚያ መጣላት። ይህን ዕድል እንደነሱ ከሶቪየት ኅብረት የወጣችው ታጂኪስታን ከየት ታምጣው? በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ከረመች፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ሩሲያ የሄደ ልጁ በሚልክለት ገንዘብ ነው።