መንዝ ላይ የተርገበገበው አምፖል

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወጣት ኢንጂነር አገኘኝ። «ጋሼ፣ የባትሪ ኢንቨርተራችን ወርክሾፕ ውስጥ ምንም አይለውም። ገጠር ወስደን መስመር ላይ ስናስገባው ግን ይዘጋል። ለምንድን ነው?» አለኝ። ኢንቨርተር የባትሪውን ኃይል የመብራት መስመር ወደሚሸከመው ዓይነት የሚቀይር ማሽን ነው። መልሱን ነገርኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከዓመታት በፊት መንዝ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ 30 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ተከልን። ትራንስፎርመሩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይርቃል፣ ሽቦውም ቀጭን ነው። ባትሪው ወደ መስመሩ ኃይል ሲለቅ አምፖሉ ይርገበገባል። ዘበኛው በርኖሳቸውን እንደደረቡ መጡና «ልጄ፣ የሚብስበት እኮ የእናንተ ማሽን ሲበረታ ነው። ሲቀንስ ይረጋጋል» አሉኝ።

«አባባ፣ ችግሩ የመስመሩ ነው» አልኳቸው። ዓይኔን ከላፕቶፑ አላነሳሁም።

ኢንቨርተሩ የመስመሩን 50 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን ምት፣ የሚከተለው ፒኤልኤል በሚባለው ክፍሉ ነው። ቶሎ ይከተል ብዬ ፍጥነቱን ጨመርኩት። እንዲህ ሽቦው ረጅምና ቀጭን በሆነ ደካማ መስመር ላይ ግን ኢንቨርተሩ የሚለቀው ከረንት ራሱ ቮልቴጁን ያናውጠዋል። ፒኤልኤሉ ያንኑ ነውጥ ይከተላል። በፈጠነ ቁጥር ይብስበታል።

አርብ ማታ ተመለስን። ቅዳሜ ኢንቨርተሩ ዘጋ። የክትባት ማቀዝቀዣው መብራት የሚያገኘው በእሱ በኩል ነበር። ሰኞ ስንደርስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማሳየት የነበረበት ቴርሞሜትር 17 ላይ ቆሟል። ክትባቱ ተጣለ። ልጅ አዝለው በእግር የመጡ እናቶች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንዷ በዚያ ብርድ ከድንጋዩ ካብ ሥር ቁጭ ብላ ስታጠባ አሁንም ትታየኛለች። ዘበኛው ምንም አላሉኝም።

የሚለቀውን ኃይል ቀነስን፣ ፒኤልኤሉንም አዘገየነው። አምፖሉ ቀጥ አለ። ሾርት ሰርኪዩት ሬሾውን፣ ማለትም መስመሩ ከኢንቨርተሩ አንጻር ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ስናሰላው ከ3 በታች ነበር፤ መስመር ደካማ የሚባለው እዚያ ላይ ነው። ስሌቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

እናንተ ወጣት ኢንጂነሮች ኮምፒውተር ላይ በሚሠራው ሲሙሌሽን ከእኛ ትበልጣላችሁ። ምሰሶ እየቆጠሩ መሄድ ግን አትወዱም። ችግር ሲመጣ «ግሪድ ፎርሚንግ ኢንቨርተር ይገዛ» ነው መልሳችሁ። ልክ ናችሁ፣ መስመሩን ከመከተል ይልቅ ቮልቴጁን ራሱ ስለሚይዝ ደካማ መስመር ላይ ይሻላል። ዛሬ ቢሆን እኔም እሱኑ እመርጥ ነበር። ግን እሱም መስመሩ ሳይለካ አይተከልም።

አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ የሽቦውን ርዝመትና ውፍረት ለክተህ ላክልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን። እግረ መንገድህን እዚያ የሚያድሩትን ዘበኛ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ ጠይቃቸው።